የታዲዮስ ፊያት

ዑቕባዝጊ መበደሉን ሳይናገር የዋለበት ቀን የለም። ናይሮቢ፣ ኪሊማኒ ሰፈር ውስጥ፣ ከአንድ የሐበሻ ምግብ ቤት ጀርባ፣ የመኪና ኤሌክትሪክ የሚሠራባት የቆርቆሮ ዳስ አለችው። እዚያ መኪናውን ያቆመ ሐበሻ ሁሉ የሽቦው ነገር ከመነሳቱ በፊት የሰውየውን ታሪክ ማዳመጥ ግዴታው ነው። ሠላሳ ዓመት የኖረባት አዲስ አበባ በባድመ ጦርነት ጊዜ አንድ ጠዋት አውቶቡስ ላይ ጭና እንደሸኘችው፣ የጎረቤቱ ሚስት መስኮት ከፍታ አይታው መልሳ እንደዘጋችው፣ አስመራ ሲገባ ደግሞ የገዛ ዘመዶቹ "አምቼ፣ አዲስ አበባ ሠራሽ" ብለው እንደሳቁበት፣ ናይሮቢም ብትሆን ወረቀቱን ለማደስ ስንት ቢሮ ደጅ እንዳስጠናችው። የሚያወራው ውሸት የለበትም፤ በእርግጥ ተበድሏል። ግን ሰው በደሉን ሲደጋግመው ቀስ በቀስ ራሱን ቅዱስ ማድረጉ አይቀርም፤ ዑቕባዝጊም በሃምሳ ሦስት ዓመቱ እዚያ ደርሶ ነበር። በሕይወቱ ማንንም እንዳልጎዳ ይምላል፤ ሲምል ደግሞ ኮፍያውን ያወልቃል።

እጁን ግን ማንም አያማውም። የናይሮቢ መካኒኮች፣ ፈንዲዎቹ፣ ሽቦ ሲቀጥሉ እያየ ራሱን ይነቀንቃል፤ "እኔ የጣሊያን እጅ ነው የያዝኩት" ይላል። በአሥራ አምስት ዓመቱ ከአስመራ መጥቶ፣ አዲስ አበባ፣ ከፒያሳ በታች በነበረ የጣሊያን ጋራዥ ገብቶ፣ ዲናሞ ማጠንጠንን የተማረው ሁሉም ማስትሮ ከሚሉት ሽማግሌ ነው። ስለዚያ ጋራዥ ሲያወራ ድምፁ ይለሰልሳል፤ በሕይወቱ ያልበደለው ቦታ እሱ ብቻ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2006 መጀመሪያ ላይ፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ አንዲት በአርባዎቹ መጨረሻ ያለች ሴት ዳሱ ደጃፍ መኪናዋን አቆመች። ስሟ ራሄል ነው፤ ለአንድ ዓለም አቀፍ ድርጅት ትሠራለች፤ ቤቷ ላቪንግተን ሰፈር ነው።

"ጋሽ ዑቕባዝጊ እርስዎ ነዎት? የድሮ ፊያት ያውቃሉ ብለውኝ ነው የመጣሁት።"

"የትኛዋን ፊያት?"

"አንድ ሺህ አንድ መቶዋን። የአባቴ ናት።"

"ሚሌ ቼንቶ!" አለና ካቻቢቴውን አስቀመጠ። "እሷን እኮ ዓይኔን ጨፍኜ ነው የምፈታት። ምን ሆነችብዎ?"

"መብራቷ ድንገት ይጠፋል። ፊውዝ ሲቀየርላት ይመለሳል፤ ሳምንት ቆይቶ ሾርት ታደርጋለች። ሦስት ፈንዲ አየልኝ። ሦስቱም 'ኢኮ ሳዋ፣ ማዳም'፣ ደህና ናት ብለው ሄዱ።"

"ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው የእነሱ ሥራ" አለ ዑቕባዝጊ፣ ደስ እያለው። ሌላው ያቃተው ነገር ወደ እሱ ሲመጣ ይወዳል። የዕቃ ሳጥኑን ይዞ መኪናዋ ውስጥ ገባ።

ራሄል ግማሽ መንገድ ከሄዱ በኋላ፣ ሚኒባሶቹ ማታቱዎች በቀኝም በግራም እየተሹለከለኩባት፣ ዓይኗን ከመንገዱ ሳታነሳ ጀመረች።

"መብራቱ ቢበራ ባይበራ ግድ የለኝም። ምክንያቱን ነው የምንፈልገው" አለች። "አባዬ የደብረ ብርሃን ትምህርት ቤት ዳይሬክተር ነበር። በስልሳ አምስት ዓመተ ምሕረት፣ የፋሲካ ሰሞን፣ እሱና እማዬ ለሠርግ ወደ ደብረ ሲና ሲወርዱ የጣርማ በር ዋሻ ውስጥ መብራቱ ድርግም አለ። ቀን ነው፤ ግን ዋሻው ውስጥ ያው ጨለማ ነው። አባዬ ክብሪት ይዞ ፊውዙን ሊያይ ወረደ። ኮፈኑን ከፍቶ አጎንብሶ ሳለ ከፊት የመጣ የጭነት መኪና ገጨው። እማዬ ውስጥ ተቀምጣ ነበር። መኪናዋ ጎኗ ብቻ ተጫረ።"

"እግዚአብሔር ነፍሱን ይማር" አለ ዑቕባዝጊ።

"ወንድሜ ታዲዮስ በዚያው ሳምንት በገዛ እጁ ሬዲዮ ገጥሞባት ነበር። እማዬ ለቅሶው ላይ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ 'አባትህን በልተኸዋል፤ ዘር አይውጣልህ፤ ደጄን አትርገጥ' አለችው። አንድ ወንድ ልጇ ነው። መኪናዋን ይዞ ወጣ፤ ተመልሶም አልረገጠም። ሠላሳ ሁለት ዓመት! በየፋሲካው በሰው እጅ በግ ይልካል፤ እማዬ ከበር ትመልሰዋለች። እኔም እሷን ብዬ አላናገርኩትም። አልወለደ፣ አልከበደ፤ አምና ብቻውን ሞተ።"

ከሞተ በኋላ ፊያቷን በታዲዮስ ግቢ ውስጥ ሸራ ለብሳ አገኟት። እናቲቱ ውስጧ የሆነ ነገር ዳስሰው ይሁን ሰው ነግሯቸው፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የላቸውም። መኪናዋ ካልመጣች እህል አልቀምስም ብለው፣ ድርጅቱ የራሄልን የቤት ዕቃ ወደ ናይሮቢ ሲያስጭን ፊያቷም አብራ ተጫነች።

ላቪንግተን ግቢው በር ላይ ሲደርሱ ራሄል ጥሩምባ ከመንፋቷ በፊት ወደ እሱ ዞረች።

"አንድ ነገር ልለምንዎ። ያገኙትን ያግኙ። ለእማዬ ግን 'ሬዲዮው ነው' ይበሉልኝ። ያለ ጥፋቱ ረግሜው እንደሆነስ እያለች እየቃዠች ነው። ልታርመው የማትችለውን ነገር አውቃ ምን ታደርግበታለች? በሰባ አምስት ዓመቷ ይህን ይዛ እንድትሞት አልፈልግም።"

"ኧረ በእውነትም ሬዲዮው ነው የሚሆነው" አለ ዑቕባዝጊ። "ልጆች የገጠሙት ሬዲዮ ስንቱን መኪና አቃጠለ መሰለዎ!"

አስካሪው፣ ዘበኛው፣ በሩን ከፈተና "ካሪቡ፣ ምዜ" ብሎ በአክብሮት ተቀበለው። ፊያቷ ጥላ ሥር ቆማለች፤ ቀለሟ የደበዘዘ ሰማያዊ፣ ግራ ጎኗ ላይ ከመብራቱ እስከ በሩ የተጫረ ረዥም መስመር አለ። ማንም አላስቀባውም። አጠገቧ ፕላስቲክ ወንበር ላይ ነጠላ የለበሱ ሴት ተቀምጠዋል። ዓይናቸው በሞራ ተሸፍኗል፤ ፊታቸውን ወደ ኮቴው ድምፅ አዞሩ።

"ጣሊያኑ ጋራዥ የሠራኸው አንተ ነህ?"

"አዎ፣ እማማ። ዑቕባዝጊ እባላለሁ።"

"ሠርክ እባላለሁ። ባለቤቴም አዲስ አበባ ሲወርድ እዚያ ነበር የሚያሠራት። ጨዋ ልጆች ናቸው ይል ነበር።" እጃቸውን ዘርግተው ክንዱን ያዙት። "ልጄ ምን እንደምትልህ አውቃለሁ። አንተ ግን በሞቴ፣ ያየኸውን ንገረኝ። ሌላ ምንም አልፈልግብህም።"

"እነግርዎታለሁ፣ እማማ" አለ። ለሁለቱም ቃል ገብቶ ሥራ ጀመረ። በዚያች ሰዓት ነገሩ አልከበደውም፤ ጨዋ ልጆች ተብሎ መጠራቱ ደስ ብሎት ነበር።

አሠራሩ የማስትሮ አሠራር ነው። የፊት መብራቶቹን አምፖሎች ነቅሎ አወጣ። የመብራቱን ፊውዝም ነቀለና በቦታው ሁለት ሽቦ ያላት የሙከራ አምፖሉን ሰካ። መስመሩ ደህና ከሆነ አምፖሏ ጨለማ ሆና ትቀራለች፤ ሽቦው የሆነ ቦታ ቦዲውን ከነካ ትበራለች። ከዚያ ወዲያ የሚቀረው ሽቦውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ስንዝር በስንዝር እየዳሰሱ፣ እያወዛወዙ፣ ዓይንን ከአምፖሏ አለመንቀል ነው። ትዕግሥት ላለው ሰው ፊያት ምንም አትደብቅም።

ከዳሽቦርዱ ሥር በጀርባው ተኝቶ የእጅ ባትሪውን ሲያበራ መጀመሪያ ያየው ሽቦ አይደለም። ጽሕፈት ነው። በየሽቦው ላይ ነጭ ፕላስተር ተጠቅልሎ፣ በላዩ በቢክ እስክሪብቶ፣ በደቃቅና በተጣራ እጅ ተጽፎበታል። ሁለት የተቆረጡ ጫፎች ላይ "ሬዲዮ። ነቀልኩት። ሚያዝያ 1965" ይላል። ከሱ ዝቅ ብሎ "ሬዲዮው ከተነቀለ በኋላም ጠፋ። ሰኔ 1965።"

ዑቕባዝጊ ሁለቱንም ደግሞ አነበባቸው። ነገሩ እዚያው አልቋል፤ ሬዲዮው አልነበረም። ልጁ ይህን ባወቀ ጊዜ አባቱ ከሞተ ሁለት ወር አልሞላውም። የሚሰማው ጆሮ አጣ እንጂ።

ቀጠለ። "እዚህ ደህና ነው። 1968።" "እዚህም ደህና ነው። 1972።" "ዝናብ ሲሆን አይደለም፤ መንገድ ሲጎረብጥ ነው። 1979።" "ዛሬም ጠፋ።" "ደህና ነው። 1986።" ፕላስተሩ ሲያረጅ በላዩ ሌላ ተጠቅልሏል፤ እስክሪብቶው ሰማያዊ ይሆናል፣ ጥቁር ይሆናል፣ ፊደሉ ግን ያው ነው። ሰውየው አዲስ ሽቦ ከዳር እስከ ዳር ቢዘረጋ በግማሽ ቀን መብራቱ ይበራለት ነበር። እሱ የፈለገው መብራት አይደለም። ምክንያቱን አግኝቶ፣ ይዞ፣ እናቱ ደጅ መቆም ነው የፈለገው።

"እንዲህ ያለ ልጅ እኛ ጋ ቢገባ ኖሮ ሁላችንንም ያስከነዳ ነበር" አለ ለራሱ። ከልቡ ነው። ያላየውን ሰው ወደደው፤ አንጀቱን በላው። እናም ለታዲዮስ ሲል ምክንያቱን ሳላገኝ አልወጣም አለ።

ከመሪው ሥር፣ የሽቦው ጥቅል በብረት መያዣ ተይዞ ወደ ሞተሩ ክፍል በሚያልፍበት ጠባብ ቦታ፣ ጣቱ ጥቅሉን ገፋ ሲያደርገው አምፖሏ ቦግ አለች። ለቀቀው፤ ጠፋች። ገፋው፤ ቦግ።

የመጨረሻው ፕላስተር ከዚያ ቦታ አንድ አውራ ጣት ያህል ይርቃል። "እዚህ ደህና ነው። ጥር 1997" ይላል። ታዲዮስ ከመሞቱ ሁለት ወር በፊት።

ትንሿን መስታወቱን ከመያዣው ጀርባ አስገብቶ አየ። ጥቅሉ ፋብሪካው ባለበሰው ጨርቅ እንደተሸፈነ ነው፤ አንድ ቦታ ላይ ብቻ፣ ለማያውቅ ሰው ፋብሪካው ያሰረው የሚመስል፣ ጥቁር ክር ሰባት ዙር ተጠምጥሞበታል። ክሩ ያብለጨልጫል። በጥፍሩ ፋቅ አደረገውና አሸተተው። የጧፍ ሰም ነው።

በዚያች ቅጽበት ዑቕባዝጊ የት እንዳለ ጠፋው።

ማስትሮ ጋራዥ ውስጥ አንድ ደንብ ነበር። ደንበኛ ተመልሶ መጥቶ "ያ ልጅ ይሥራልኝ" ብሎ በስም የጠራው ለማጅ ይቀጠራል፤ ስሙን የሚጠራለት ያጣ በገባ በአምስተኛ ዓመቱ ይሰናበታል። ማስትሮ ደንቡን ያወጣው ልጆቹ ተግተው እንዲሠሩ ብሎ ነው። ልጆቹ ግን ሌላ ብልሃት ፈጠሩ። መኪናው በደንብ ይሠራል፤ ከዚያ አንዲት ስፒል ራሷ ተቆርጦ በመብራቱ ሽቦ ውስጥ ትሻጣለች፣ ጫፏ ቦዲውን ሊነካ ጥቂት ሲቀረው ተደርጎ። ወር ቆይቶ፣ መንገድ ሲያንገጫግጫት፣ ትነካለች። ፊውዙ ይቃጠላል፤ ደንበኛው ይመለሳል፤ ልጁ በአምስት ደቂቃ ያገኘዋል፤ ደንበኛውም ጎበዝ ይለዋል። ልጆቹ ስፒሏን "ቀጠሮ" ይሏታል። ሌሎቹ የተወጋውን ቦታ በፕላስተር ይሸፍናሉ። በጥቁር ክር ጠምጥሞ ከቤተ ክርስቲያን ባመጣው ጧፍ የሚያሸው አንድ ልጅ ብቻ ነበር። ከጣሊያን ሥራ አይለይም እየተባለ ተደንቆበታል።

በምላጭ ክሩን ቆረጠና ስፒሏን በፒንሳ ሳባት። ዝጋለች። ራስ የላትም።

የፊያቷን ባለቤትም አስታወሰው። ባርኔጣ ያደረገ፣ እርጋታ ያለው፣ ዲናሞው እስኪሠራ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ የተማሪ ፈተና የሚያርም ሰው። ስንተኛ ክፍል ደረስክ ብሎ ጠየቀው፤ አራተኛ ሲለው "የማታ ትምህርት ግባ እንጂ፣ ብልህ ልጅ ትመስላለህ" አለው። ዑቕባዝጊ ያን ሰው ሊለቀው አልፈለገም። ተመልሶ እንዲመጣ፣ ስሙን እንዲጠራው ፈለገ። ቀጠሮ አስቀመጠለት። ሰውየው ሳይመለስ ሲቀር ደግሞ ተቀየመው፤ ሌላ ጋራዥ ሄደብኝ፣ ሰው እንዲህ ነው፣ ቃል አያከብርም እያለ አንድ ክረምት ሙሉ አማው። ከዚያ ረሳው። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ማለት ይህ ነው።

"አገኙት?"

ራሄል አጎንብሳ በመስኮቱ እያየችው ነው። ድምጿን ዝቅ አደረገች። "ሬዲዮው ነው፣ አይደል?" ዓይኗ ይለምነዋል።

ስፒሏን መዳፉ ውስጥ ጨበጣት። ከራስ በላይ ነፋስ! ማንም አላየውም፤ ማንም አያውቅም። ውሸቱንም እሱ አልፈለገውም፤ ተለምኖ ነው። ልጅቷ ታርፋለች፣ እናትየው ይተኛሉ፣ የሞተው ሞቷል፤ ሠላሳ ሁለት ዓመት የተሸከመውን አንድ ቀን ቢጨምርበት ምን ይሆናል? ይህን ሁሉ እያሰበ ከመኪናዋ ወጣ፣ እጁን በጨርቅ ጠረገ፣ እማማ ሠርክ ፊት ቆመ።

"ሬዲዮው ነው?" አሉት።

"ሙት ወቃሽ አያድርገኝ እንጂ፣ እማማ…" አለ። "አዎ። የሬዲዮው ሽቦ ነው።"

ራሄል ትንፋሿን ለቀቀች። እማማ ሠርክ ሁለት እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ።

"ተመስገን" አሉ።

ዑቕባዝጊ ለመሄድ ዞሮ የዕቃ ሳጥኑን አነሳ። ሁለት እርምጃ ሄደ። ቆመ። ልጅሽ አባቱን ገድሏል ተብላ፣ እናት ተመስገን አለች። ይህን ያስባላት እሱ ነው፤ በልጅነቱ አይደለም፣ በገዛ አፉ፣ አሁን። ዳሽቦርዱ ሥር ደግሞ ያ ሁሉ ፕላስተር አለ፣ ደህና ነው፣ ደህና ነው፣ ደህና ነው የሚል።

ሳጥኑን አስቀምጦ ተመለሰና ወንበራቸው ሥር ተንበረከከ።

"ዋሸሁ፣ እማማ። ልጅዎ የለበትም።"

"ጋሽ ዑቕባዝጊ!" አለች ራሄል። "ዝም ይበሉ! ምን ነካዎት?"

"የለበትም። ሬዲዮውን በወሩ ነቅሎታል፤ መብራቱ ከዚያም በኋላ ጠፍቷል። ጽፎታል። ዕድሜውን ሙሉ ሲፈልግ ነበር።" መዳፋቸውን ፈልቅቆ ስፒሏን አስቀመጠላቸው። "ይህች ናት። የመብራቱ ሽቦ ውስጥ ነበረች። ያስቀመጥኳት እኔ ነኝ፣ እዚያ ጋራዥ፣ ለማጅ ሆኜ። ባለቤትዎ ተመልሰው እንዲመጡና እኔን እንዲጠሩኝ ብዬ። ሌላ ክፋት አላሰብኩም። ሰው ይሞታል አላልኩም።"

እማማ ሠርክ ስፒሏን በአውራ ጣታቸውና በሌባ ጣታቸው መሃል እያንከባለሉ፣ ጫፏን፣ የተቆረጠ ራሷን፣ ዝገቷን ዳሰሱ።

"ያኔ ስንት ዓመትህ ነበር?"

"አሥራ ዘጠኝ።"

"ታዲዮስም አሥራ ዘጠኝ ነበር" አሉ።

ዑቕባዝጊ እግራቸውን ያዘ። በሕይወቱ ማንንም እንዲህ ለምኖ አያውቅም። "ይርገሙኝ፣ እማማ። እባክዎ ይርገሙኝ። የእኔ ነው። የሚገባው ለእኔ ነው።"

"ከየት አምጥቼ?" አሉት። ድምፃቸው ላይ ቁጣ የለም፤ ቢኖር ይሻለው ነበር። "ያለኝን ሁሉ ልጄ ላይ ጨርሼው።"

ራሄል ግድግዳውን ተደግፋ ስቅስቅ ብላ ታለቅሳለች። እማማ ሠርክ ግን አላለቀሱም። ስፒሏን በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩና እግራቸውን ከእጁ ሳብ አድርገው፣ "ሂድ" አሉት።